ከምርመራ የቀረችውን ሴት ምን አስቀራት?

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ነው። “ተመርመሩ” የሚለውን ምክር ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታልና እሱኑ ደግሜ አላሰለቻችሁም። ላነሣው የፈለግሁት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ምርመራው አለ፣ ለሚገኘውም ችግር ሕክምና አለ፣ ታዲያ ሴቶች ለምን አይመጡም? በየስብሰባውና በየሪፖርቱ ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ የግንዛቤ ማነስ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ይመቻል። ጥፋቱን በሙሉ በቀረችው ሴት ላይ ይጭንና አገልግሎቱን ያዘጋጀውን ወገን በነፃ ያሰናብታል። እኔ የምከራከረው፣ የአንዲት ሴት መምጣትና መቅረት ከምታውቀው ነገር ይልቅ አገልግሎቱ በቀረበላት መንገድ ይወሰናል ብዬ ነው። ማስረጃ ፍለጋም ሩቅ አንሄድም፤ በዚህ ጉዳይ በአገራችን ከተሠሩት ጠንካራ ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚሁ ቡታጅራ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

አስቀድመን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። የማኅፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በአገራችን በዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች በአዲስ ይያዛሉ፤ ከ5,000 በላይ ደግሞ ይሞታሉ። መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ፣ የሚባል በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለምንም ሕክምና ከሰውነት ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረ እንደሆነ የማኅፀን በርን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለውጣል፤ ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ድረስ የሰውነት መከላከያዋ ደህና በሆነ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፣ ኤችአይቪ በደሟ ባለና ሕክምና ባላገኘች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ምርመራ ትርጉም የሚኖረው በዚህ ረጅም ጊዜ ምክንያት ነው። በጤና ተቋሞቻችን የተለመደው ምርመራ ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። ሴቲቱ አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ባለሙያው ስፔኩለም የሚባለውን መሣሪያ አስገብቶ የማኅፀን በሩን በመብራት ያያል፣ ከ3 እስከ 5 ከመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ የራሰ ጥጥ ያስነካውና አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። አሴቲክ አሲድ ማለት በየወጥ ቤቱ ያለው አቼቶ ዘመድ ነው። ጤነኛው ገላ ቀለሙን አይለውጥም፤ የተለወጠው ሕዋስ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ቦታ ለሕክምና የሚመች ከሆነ በብርድ ወይም በሙቀት ይቃጠላል፣ ይህም በደቂቃዎች ያልቃል፤ ቀዶ ሕክምናም መኝታም አይጠይቅም። ይህ ሕይወት እንደሚያድን በግምት የምንናገረው ነገር አይደለም። በህንድ ሙምባይ መካከለኛ ትምህርት ባላቸው የጤና ሠራተኞች አማካይነት ለዓመታት በተደጋጋሚ የተሰጠ ይኸው ምርመራ በማኅፀን በር ካንሰር የሚሞቱትን ሴቶች በ31 ከመቶ ቀንሷል።

እንዲህ ያለ ቀላል ነገር በአቅራቢያዋ ተቀምጦ ሴቲቱ ለምን ትፈራለች? ፍርሃቷን አላዋቂነት ከማለታችን በፊት ስታይ የኖረችውን እንመልከት። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አንድ ሰፈር ውስጥ “ካንሰር ያዛት” ተብላ የምትታወቀው ሴት ማን ናት? ደም አልቆም ሲላት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የተወሰደችው፣ ቤተ ዘመድ ያለውን ሸጦ ያሳከማት፣ በመጨረሻም ለቀብር የተመለሰችው ናት። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው የአገሪቱ ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ ሌሎች ማዕከላት ተጨምረዋል። ከ2008 እስከ 2012 በዚያ በታከሙ 1,059 የማኅፀን በር ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ግማሾቹ የጨረር ተራ ለማግኘት 3.8 ወር ወይም ከዚያ በላይ ጠብቀዋል፤ በመጠበቁ ጊዜም የብዙዎቹ በሽታ ወደ ከፋ ደረጃ ተሸጋግሯል። በአንጻሩ በነጭ ነጥብ ደረጃ ተገኝቶ የታከመላት ሴት ካንሰር ያዛት አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ለጎረቤትም አታወራም። ስለዚህ ሰፈሩ የሚያየው የሞቱትን ብቻ ነው። “ካንሰር መድኃኒት የለውም” የሚለው አባባል ከዚህ የተቀዳ ነው፤ ያየችውን ቆጥራ የደረሰችበት ድምዳሜ ነው። የጎደላት የሌላኛው ወገን ቁጥር ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላሳያትም።

የግንዛቤ ማነስ መልስ ደጋፊዎች በእጃቸው ማስረጃ አላቸው፤ ችላ ልንለው አይገባም። በ2018 በቡታጅራ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ቤት ለቤት ሲጠየቁ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ሰምተው የሚያውቁት ከሦስቱ አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ምልክቶቹን መናገር የቻሉትማ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተመርምረው የሚያውቁት ከመቶ 3 እንኳ አልሞሉም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው ቅኝት የሰጠውም ቁጥር ወደ 3 ከመቶ የሚጠጋ ነበር። ያልሰሙትን ነገር መመርመር እንደማይቻል ግልጽ ነው። ግን እስኪ ክርክሩን በተቃራኒው እንፈትነው። እውቀት ብቻ የሚያስመጣ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ ቀድመው መመርመር የነበረባቸው የጤና ባለሙያ ሴቶች ናቸው፤ በአገራችን በነርሶች፣ በአዋላጆችና በሐኪሞች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ራሳቸው ተመርምረው እንደማያውቁ ደጋግመው አሳይተዋል። ሌሎችን የምትመረምር ሴት ራሷ አትመረመርም ማለት ነው! ወደ እንግሊዝም ብንሻገር፣ ምርመራው ነፃ በሆነበት፣ የጥሪ ደብዳቤ በስሟ እቤቷ ድረስ በሚላክበት አገር ከአሥር ሴቶች ሦስት ያህሉ ምርመራቸውን በወቅቱ አያደርጉም። እነዚህ ሴቶች አልሰማንም አይሉም። የሚሉት ጊዜ የለኝም፣ አፍራለሁ፣ ያመኛል፣ ወንድ ሐኪም ቢሆንስ ነው። እኛ አገር ያለችው ሴት የምትለውም ያንኑ ነው።

አሁን ወደ ቡታጅራው ጥናት እንምጣ። ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ማዕከል የሆነችው ቡታጅራ ለጤና ጥናት እንግዳ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎችን ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ስለ አገራችን ገጠር ጤና ከምናውቀው ብዙው የመጣውም ከዚያ መዝገብ ነው። በ2019 ውጤቱ የታተመውና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጀርመኑ ማርቲን ሉተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት ደግሞ እንዲህ ነበር። 22 ቀጠናዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ፤ በጠቅላላው 2,356 ሴቶች ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ስለ በሽታው ትምህርት ተሰጠ፣ በሁለቱም ወገን ሴቶቹ ተጋበዙ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። የአንዱ ወገን ሴቶች የተለመደውን የአሴቲክ አሲድ ምርመራ ለማድረግ ወደ ቡታጅራ ሆስፒታል እንዲሄዱ ተነገራቸው። የሌላው ወገን ሴቶች በመንደራቸው አቅራቢያ ትንሽ ብሩሽ ተሰጣቸው፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ ከለል ብላ፣ ማንም ሳያያትና ሳይነካት፣ ብሩሹን አስገብታ ጥቂት ጊዜ አዙራ ናሙናዋን ራሷ ወስዳ ታስረክባለች፤ ናሙናው ለኤችፒቪ ይመረመራል። ውጤቱ ምን ሆነ? ወደ ሆስፒታል ከተጠሩት የሄዱት 50 ከመቶ ያህል ነበሩ፤ በራሳቸው ናሙና እንዲወስዱ ከተጠየቁት የወሰዱት 84 ከመቶ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። በትምህርቱ ላይ ተገኝተው ያዳመጡትን ብቻ ነጥለን ብናይ፣ ናሙና በራሳቸው እንዲወስዱ ከተደረጉት ወደ 98 ከመቶው ፈጽመውታል፤ ወደ ሆስፒታል ከተላኩት ግን 65 ከመቶ ያህሉ ብቻ ሄደዋል። ትምህርቱ አንድ፣ አካባቢው አንድ፣ ሃይማኖቱና ባህሉ አንድ። ተምረው፣ ተረድተው፣ ተጋብዘው ከሦስት አንዷ ቀረች። ለዚህች አንዷ “ግንዛቤ ያንሳታል” ማለት አንችልም፤ ግንዛቤውን ተቀብላ ነው የቀረችው።

ከቤቷ እስከ ሆስፒታሉ አልጋ ያለውን መንገድ እስኪ አብረን እንመልከተው። የጉራጌ ሴት ቀን ባዶ አይደለም። እንሰቱ ይፋቃል፣ ቆጮው ይጨመቃል፣ ልጅ ይላካል፣ ከብት ይጠበቃል፤ ባል አዲስ አበባ በንግድ ላይ ከሆነ ደግሞ ቤቱ በእሷ ትከሻ ላይ ብቻ ቀርቷል። ምርመራው በነፃ ቢሆን እንኳ የባጃጅና የመኪናው ሒሳብ፣ የሚባክነው ሙሉ ቀን፣ የገበያው መታለፍ አለ። ያን ሁሉ የምትከፍለው ደግሞ ለማያማት ነገር ነው። ሲያመን መታከም ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ሆስፒታል መሰለፍ ግን ሰውን የሚያጠያይቅ ጉዳይ ነው። “ምን ሆነሽ?” ይሏታል። በትንሽ ከተማ መዝገብ ክፍል ያለው ልጅ የጎረቤት ልጅ ነው፤ መርማሪው ወንድ ሊሆን ይችላል፣ ይባስ ብሎም የምታውቀው። በዚህ ላይ ሌላ ጥላ አለ። ምርመራው በአገራችን በስፋት የተጀመረው ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶችን በማስቀደም ነበር፤ ተገቢም ነበር፣ ምክንያቱም ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ሴቶች ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ነገር ግን የምርመራው ክፍል ከኤችአይቪ ክትትል ክፍል ጋር ግድግዳ በተጋራበት ቦታ ሁሉ፣ በር ላይ የምትቀመጥ ሴት ሰው ምን እንደሚላት ታውቃለች። እነዚህን ሁሉ ደምሯቸው፤ የቀረችው ሴት ሒሳብ ሠርታ ነው የቀረችው።

እዚህ ላይ ጠንቃቃ አድማጭ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። በቡታጅራው ጥናት በሁለቱ ወገኖች መካከል የተለየው አንድ ነገር አይደለም፤ ቦታውም ዘዴውም ተለይቷል። ታዲያ ሴቶቹን ያስመጣው ቅርበቱ ነው ወይስ ናሙናውን በራስ እጅ መውሰዱ? እውነት ነው፣ ከዚህ ጥናት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለእኔ ክርክር ግን ይህ ጉዳት የለውም። ቅርበትም ሆነ ገመና መጠበቅ፣ ሁለቱም የአገልግሎቱ ጠባይ ናቸው እንጂ የሴቲቱ አይደሉም። የጉራጌ ነጋዴ ዕቃው አልሸጥ ሲለው ገበያተኛውን አይራገምም፤ ሱቁ ያለበትን ቦታና አደራደሩን ይመረምራል። የጤና ሥርዓታችን ከመርካቶ መማር የሚችለው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ናሙና መስጠት ገና ደጃፉ ነው፤ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ያው ወደ ሆስፒታሉ ሄዳ በስፔኩለም መታየት፣ ካስፈለገም መታከም አለባት። በመንደር 84 ከመቶ ሰብስበን ውጤት ያለባቸው ሳይታከሙ ቢቀሩ ድካሙ ከንቱ ነው። በአንጻሩ የአሴቲክ አሲዱ ምርመራ ትልቁ ጸጋው ያየውን በዚያው ቀን ማከሙ ነው። ከ2010 እስከ 2014 በአዲስ ተስፋ ፕሮጀክት አማካይነት በአገራችን 14 የጤና ተቋማት ከ16,000 በላይ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ መንገድ ተመርምረው ከአሥሩ በአንዷ ያህል ላይ ለውጥ ተገኝቷል፤ ለብርድ ሕክምናው ብቁ ከሆኑት እጅግ አብዛኞቹም ታክመዋል። ይህን ጸጋ መጣል ስሕተት ነው። ስለዚህ ብሩሹ ሆስፒታሉን ይተካል አልልም። የምለው፣ ብሩሹ ሆስፒታል መሄድ ያለባትን ሴት ከማይገባት ይለያል ነው። በተለመደው አሠራር መቶ ሴቶች ሥራ ፈትተው፣ ተሳቀው፣ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ በብሩሹ ግን ከመቶው የሚሄዱት ቫይረሱ የተገኘባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም የሚሄዱት የሚያውቁትን ምክንያት ይዘው ነው። ለማያማት ነገር ሂጂ መባልና “ይህ ተገኝቶብሻል፣ ካንሰር አይደለም፣ እንዳይሆን ግን ይታይልሽ” መባል ለየቅል ናቸው። የመሣሪያው ነገርም ሩቅ አይደለም፤ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ ብዙ ሆስፒታሎቻችን የገባው ጂንኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለኤችፒቪ የተሠራ ካርትሪጅ ከተገኘለት ይህንንም ይመረምራል። ካርትሪጁ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ውጤቱ ሳይዘገይ ለሴቲቱ የሚያደርስ ሰውም ያስፈልጋል። ሁለቱም በማይገኙበት ቦታ የአሴቲክ አሲዱን ምርመራ በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ በሴት ባለሙያ እጅ፣ ሕክምናውን ከጎኑ አድርጎ መስጠት ይቀላል። ሕክምናው ራሱ ቀሎለታል፤ የብርድ ሕክምናው የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፣ ጋዙ ሲያልቅ ሴቲቱ “ሌላ ቀን ነይ” ትባላለች፣ ያ ሌላ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጣም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያ ያወጣለት በእጅ የሚያዝ የሙቀት መሣሪያ ግን ጋዝ አይፈልግም።

“ባህሉና እምነቱ ነው የሚያስቸግረው” የሚሉም አሉ። ሰዉ ከሐኪም ቤት ይልቅ ጠበልን ወይም ዱዓን ያስቀድማል፣ ሴቷም ገላዋን ለማንም አታሳይም ይላሉ። ለዚህ ሙግት መልስ የሚሰጠው ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው፣ የሜዲካል ሚሽን እህቶች በ1969 የመሠረቱት አጣጥ ሆስፒታል ነው። በዚያ ሆስፒታል ግቢ ከ1976 ጀምሮ የእናቶች ማቆያ አለ፤ የመውለጃ ጊዜያቸው የቀረበና ለአደጋ የተጋለጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ምግባቸውን እያበሰሉ ይቆያሉ። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ከ6,800 በላይ እናቶች በዚህ ማቆያ አልፈው ወልደዋል። ከእነሱ መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 ሕያው ልደት ወደ 90 ሲሆን፣ ምጥ ከያዛቸው በኋላ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ወሊድ ከምርመራ ይልቅ የባሰ ገመና ያለበት፣ ከእምነትና ከልማድም ጋር የበለጠ የተሳሰረ ነገር ነው። እነዚያ እናቶች የኦርቶዶክስም፣ የእስልምናም፣ የካቶሊክም ተከታዮች ናቸው፤ ከቤታቸው ርቀው ቀናትን ሲቆዩ ባህላቸውን ጥለው አይደለም። ማቆያው ማንነታቸውን ሳያስጥል፣ ችግራቸውን አውቆ ስለጠበቃቸው ነው። ጸሎትና ሕክምና በአንድ ቤት መኖራቸው በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም፤ የአካባቢው ሙስሊሞች በሚያከብሩት በአብሬት ሼኽ ዘንድ ዱዓ ያስደረገች ሴት በነጋታው ጤና ጣቢያ መሄዷን እንደ ተቃርኖ የሚያየው ከውጭ ያለው ሰው ብቻ ነው።

እምነትን በዚህ እንለፈውና፣ ሰዎች ብዙም የማይናገሩት ሌላ ነገር አለ፤ ባል። በሽታው ሲነሣ “ብዙ ወንድ የምታውቅ ሴት በሽታ ነው” የሚል ሐሜት ይከተለዋል። ይህ ስሕተት ነው፤ ኤችፒቪ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚነካ ቫይረስ ነው፣ ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ከዚያው ከባሏ ታገኘዋለች። ነገር ግን ሐሜቱ ይሠራል፤ ሴቲቱ ለባሏ ሳትነግር መመርመርን ትመርጣለች ወይም ጨርሶ ትተወዋለች። ሳትነግረው ብትመረመር ደግሞ መጨረሻው ላይ መታወቁ አይቀርም፤ ምክንያቱም ሕክምናውን ያገኘች ሴት ቁስሉ እስኪድን አንድ ወር ያህል ከግንኙነት እንድትታቀብ ትመከራለች። ለሳምንታት አዲስ አበባ ቆይቶ ለበዓል ቤቱ ለገባ ባል ያንን ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ለአዋቂ አይነገርም። ይህን እውነት የሚረሳ የቅስቀሳ ሥራ ግማሽ ሥራ ነው። በየፖስተሩ ላይ ያለችው ሴት ብቻዋን ናት፤ ባሏ የለም። ለጉራጌ ቤተሰብ መስቀልና አረፋ ነጋዴው ሁሉ ወደ አገር ቤት የሚገባባቸው፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው የሚመካከሩባቸው ቀናት ናቸው። በዓል ላይ ምርመራ ይደረግ አላልኩም፤ ማንም ቅቤውንና ክትፎውን ትቶ አይሰለፍም። ግን ለወንዶች መነገር ያለበት ነገር የሚነገረው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ መርካቶ ውስጥ፣ በየዕድሩና በየዕቁቡ ነው።

ዘመቻን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ብዙም አላምንበትም። በማርች 8 ሰሞን ባነር ተሰቅሎ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሴቶች ተሰብስበው ይመረመራሉ፤ ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል። ዘመቻው ሲያልፍ የመጣችው ሴት ግን ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው፣ ወይም ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው ትባላለች። አንድ ጊዜ ተነሥታ መጥታ ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ታሪኳን ለአሥር ትነግራለች። በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፣ በዓመት 52 ጊዜ ሳይዘጋ የሚከፈት አንድ ክፍል ከአሥር ዘመቻ ይበልጣል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሴቶች ናቸው፣ ከ2003 ጀምሮ በየቤቱ ገብተው ልጅ አስከትበዋል፣ የቤተሰቡን ሁሉ ስም ያውቃሉ። ብሩሹን ማደል፣ ውጤቱን ለሴቲቱ በጆሮዋ መንገር፣ ካስፈለገም አብሮ መሄድ ከእነሱ አቅም በላይ አይደለም፤ የቡታጅራው ጥናትም ይህን መሰል መንገድ እንደሚቻል አመልክቷል። ሥራ በዝቶባቸዋል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት ነው፤ አንድ አዲስ ሥራ ሲሰጣቸው ከትከሻቸው ላይ አንድ አሮጌ ሥራ መውረድ ይኖርበታል።

ክትባቱ መጥቷልና ምርመራው ለምን ያስፈልጋል ለሚሉ አድማጮች አጭር መልስ ልስጥ። ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን የጀመረችው በ2018 መጨረሻ ሲሆን መጀመሪያ የተከተቡት የ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበሩ። እነዚያ ልጆች 30 ዓመት የሚሞላቸው በ2034 ነው። ዛሬ 30፣ 40 የሞላቸው እናቶቻቸውና አክስቶቻቸው ክትባቱ አልደረሳቸውም፤ ለእነሱ ያለው ምርመራ ብቻ ነው።

ዝግጅቱን ከማብቃቴ በፊት፣ ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 የሆነ አድማጮች በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ስትሄዱ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ የሚሰጠው በየትኛው ቀን ነው? የምትመረምረው ሴት ባለሙያ ናት? ችግር ከተገኘ ሕክምናው በዚያው ቀን ይሰጣል ወይስ ወደ ሌላ ቦታ ይላካል? ውጤታችሁ ጤናማ ከሆነ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሳችሁ መታየት እንዳለባችሁ ጠይቁ፤ ኤችአይቪ በደማችሁ ያለ ከሆነ ከ30 ዓመት በፊትም መጀመር ስላለባችሁ ክትትል የምታደርጉበትን ክፍል ጠይቁ። በወር አበባ ቀናት አትሂዱ። ከ50 ዓመት በላይ ለሆናችሁ የአሴቲክ አሲዱ ዘዴ በደንብ አያሳይም፤ የሚታየው ቦታ ከዕድሜ ጋር ወደ ውስጥ ስለሚገባ ሌላ ዓይነት ምርመራ እንዳለ ሐኪም አማክሩ። ከወር አበባ ውጭ ደም የሚታያት፣ ከግንኙነት በኋላ የምትደማ፣ ወሯ ከቆመ በኋላ እንደገና ደም ያየች ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የማይቆምላት ሴት ግን በማንኛውም ዕድሜ ላይ ብትሆን የምርመራውን ቀን መጠበቅ የለባትም፤ ለእሷ የሚያስፈልጋት ሐኪም ነው፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት።